ፋይሉ በወይዘሮ አገኘሽ ተይዟል

አንዳንድ ሰው ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ ይሰፍርበታል። ተነሥቶ ቢሄድ እንኳ ወንበሩ የእሱ ነው። ቦርሳው ይቀመጥለታል፣ ሹራቡ ይቀመጥለታል፣ ምንም ባይኖር ጥላው ይቀመጥለታል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ለማይመጣ ዘመድ አንድ ሙሉ ጠረጴዛ ይዞ ያመሻል፤ አውቶቡስ ላይ ደግሞ ገና ከቤቷ ላልወጣች ጎረቤቱ የመስኮት ቦታ ይጠብቃል። የዚህ ዘር ንግሥት፣ የኔታንያው ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር እመቤት፣ የሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና ባለርስት ግን ክብርት ወይዘሮ አገኘሽ ናቸው። ልከራከር የሚል ካለ ይምጣ፤ የሚቆምበትን ቦታ ግን እሳቸው ቀድመው ይዘውታል።

ሐሜት አይሁንብኝና፣ ወይዘሮ አገኘሽ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የመጡት ብዙ ሰው እንዲይዝ ተብሎ ወንበሩ ሁሉ በተነቀለ አውሮፕላን ነው። ሰው ወለሉ ላይ እንደ እህል ተደላድሎ ነበር። ወንበር በሌለበት በዚያ አውሮፕላን ውስጥ እንኳ ወይዘሮ አገኘሽ ለእህታቸው ቦታ ይዘው ነበር ይባላል። እህታቸው የመጣችው በሌላ አውሮፕላን ነው።

ይህን ሁሉ ከአለበል በላይ የሚያውቅ የለም። አለበል በዚያው ሰሞን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ፣ አሁን ጺም ያበቀለ፣ ሳፒር ውስጥ የእርጎ ኩባያ ክዳን በሚሠራ ፋብሪካ የኮምፒዩተር ሰው ነው። ሥራው ምድር ቤት፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ቀን ከሌት እንደሚያንቀላፋ ከብት ይተነፍሳል። ሰማያዊ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። አለበል እዚያ ሲቀመጥ ፀሐይ ትውጣ ትግባ አያውቅም፤ ማን የትኛውን ፋይል እንደያዘ የሚያሳየውን ስክሪን እንደ ሰማይ እያየ ይውላል። ስሞች ይበራሉ፣ ስሞች ይጠፋሉ። አንድ ስም ብቻ ጠዋት በርቶ ማታ ድረስ አይጠፋም።

የፋብሪካው ሕይወት ያለው አንድ ፋይል ውስጥ ነው፤ የፈረቃው ሰሌዳ። ማን ጠዋት እንደሚገባ፣ ማን ማታ እንደሚገባ፣ ማንን የትኛው ሚኒባስ ከየት እንደሚያነሣው የተጻፈው እዚያ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ይጽፋል፣ ሌላው ሁሉ ያያል። የሚጽፈው ሲዘጋ ለቀጣዩ ይለቀቃል። ወይዘሮ አገኘሽ ጠዋት ሹራባቸውን ወንበሩ ላይ ጣል አድርገው ይከፍቱታል፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ሁሉ ስክሪኑ ላይ አንድ መልእክት ብቻ ይወጣል፦ ፋይሉ በወይዘሮ አገኘሽ ተይዟል። አዲስ ሠራተኞች ዕብራይስጥ ማንበብ የሚለማመዱት በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሻሺ የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፤ እሱም በየቀኑ ፋይሉን ይፈልገዋል። የሚያወራው በዕብራይስጥ ነው፤ ዕብራይስጥ ደግሞ አንቱ አያውቅም።

«አለበል፣ ሴትዮዋን አውጣልኝ።»

«ምን እየሠሩ ነው?»

«ምንም። የለችም። ሹራብ ነው ያለው።»

አለበል ደረጃውን ወጥቶ ይጠብቃል። እሳቸው በስንት ጊዜያቸው በእርጋታ ይመጣሉ።

«እትዬ፣ ፋይሉን ለአፍታ ይልቀቁልን።»

«ገና አልጨረስኩም።»

«ጠዋት የከፈቱት ነው እኮ።»

«እና? ጠዋት የተወለደ ልጅ ማታ ይዳራል?»

አለበል በአንድ ጠቅታ ሊያስለቅቃቸው ይችል ነበር። አንድ ጊዜም አድርጎታል። ያን ቀን ወይዘሮ አገኘሽ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምድር ቤት ወረዱ። በሩ ላይ ቆሙ፣ በብርዱ ሹራባቸውን ጠበቅ አደረጉ፣ መብራቶቹን አንድ በአንድ አዩ፣ «ከነዚህ ውስጥ ያስነሣኝ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። አለበል ወደ አንዱ ሣጥን ጠቆመ። እሳቸውም ሣጥኑን እንደ ባለጌ ልጅ ገላምጠው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ጠቅታው ላይ እጁ አልሄደም። አንድ ሌሊት ግን በሕልሙ ወይዘሮ አገኘሽ የኔታንያን ባሕር እንደ ቀሚስ በጫፉ ይዘውት አየ። ማዕበሉ ወደ ኋላ መመለስ አቅቶት ቆሟል፣ ዓሣዎቹ ተሰልፈዋል፣ እሳቸው አሸዋው ላይ ተቀምጠው «ገና አልጨረስኩም» ይላሉ።

ታዲያ በዚያ ዓመት ፋብሪካው ፋይሎቹ ሁሉ የሚቀመጡበትን አሮጌ ሰርቨር ጥሎ ሁለት መንትያ ሰርቨሮች ገዛ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው በስሙ ተነሥቶ ሥራውን ይረከባል። አለበል መንትያዎቹን ተክሎ፣ አገናኝቶ፣ እንደ አራስ ጠበቃቸው። አለበል እስከዚያ ድረስ ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራው በሠራተኛ አቅራቢ በኩል ነበር፤ ዛሬ አለ፣ ነገ ኮንትራቱ አልቋል። ሥራ አስኪያጇ ሞር ጠራችውና እንዲህ አለችው፦

«ሐሙስ፣ በሥራ ሰዓት፣ እፊቴ አንዱን ሰርቨር ታጠፋዋለህ። የማንም ሥራ ካልተበላሸ ክቪዑትህን እፈርማለሁ። ከተበላሸ ኮንትራትህ ሲያልቅ በሰላም እንለያያለን።»

ክቪዑት ቋሚነት ነው። ክቪዑት ያለው ሰው እናቱ ለጎረቤት ስትናገር ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። የአለበል እናት እስካሁን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው።

ችግሩ እንዲህ ነው። አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ መንትያው ፋይሎቹን ሁሉ ያገኛል፤ ማን የትኛውን ይዞ እንደነበር ግን አያውቅም። ያ የነበረው በወደቀው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ አብሮት ሄዷል። ስለዚህ መንትያው እንደነቃ በሩን ወዲያው አይከፍትም። ትንሽ ይቆያል። «ይዛችሁ የነበራችሁ ይዘን ነበር በሉ፤ አዲስ የምትመጡ ጠብቁ» ይላል። የየሰዉ ኮምፒዩተር ባለቤቱን ሳይቀሰቅስ ራሱ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ነው በሩ ለሁሉም የሚከፈተው። በዚያች ቆይታ ውስጥ የሁሉም ስክሪን ሕልም እንደሚያይ ሰው ዓይን ፍዝዝ ብሎ ይቆማል።

ሞር በመጀመሪያው ሙከራ ይህን ፍዝዝታ አይታ ሰዓቷን ተመለከተች።

«ይህ ሁሉ ዝምታ ምንድን ነው? ደንበኛ ስልክ ላይ ቢሆንስ?»

አለበልም ክቪዑቷ ዓይኑ ላይ ዞረችና ቆይታውን ዜሮ አደረገው። በሚቀጥለው ሙከራ መንትያው እንደ ዓይን ጥቅሻ ተነሣ፣ ሞር ፈገግ አለች፣ አለበልም ፈገግ አለ። ማንም ፋይል ባልያዘበት በባዶ ቢሮ የተደረገ ሙከራ ነበርና ምንም አልተበላሸም። ሆዱ ግን አላመነም። ሆድ የሚያውቀውን ጣት ይረሳል።

በዚያው ሳምንት ዓይኑን አመመውና ኩፓት ሆሊም ወደሚሉት የሰፈሩ ክሊኒክ ሄደ። በዚህ አገር ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ በእግር አይቆምም፤ በቃል ይያዛል። ወይዘሮ አገኘሽ ገቡና «የመጨረሻው ማነው?» አሉ። አቶ አምባቸው የሚባሉ ሽማግሌ ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ። «ከእርስዎ ኋላ ነኝ» አሉና፣ ወንበር እንኳ ሳይነኩ፣ ወጥተው ወደ ሹቅ፣ ወደ ገበያው፣ ሄዱ።

እሳቸው በርበሬ ሲመርጡ ሐኪሙ ራሳቸውን አሟቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሌላ ሐኪም በኮሪደሩ ማዶ ክፍል ከፈቱ። ሰዉ ተነሥቶ ወደዚያ ጎረፈ፤ ገና ከመንገድ የገባውም ቀድሞ አዲሱ በር ላይ ተለጠፈ። አለበል ካለበት ጥግ ሆኖ ነገሩን ሲያይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክፉ ደስታ ነገር ተሰማው። ዛሬ እንኳ ርስታቸው ተነጠቀ።

ነርሷ ግን በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። «ቆዩ። መጀመሪያ እዚያኛው በር ወረፋ የነበራችሁ ተናገሩ። አሁን የመጣችሁ ተቀመጡ።»

የነበሩት አንድ በአንድ ተናገሩ። በዚህ መሀል ወይዘሮ አገኘሽ በርበሬያቸውን ይዘው ደረሱ። አሮጌው በር ላይ ማንም የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እሳቸው ኮሪደሩን ቀስ ብለው አቋርጠው ሄዱና፣ «ከአቶ አምባቸው ኋላ ነበርኩ» አሉ።

«እውነቷን ነው» አሉ አቶ አምባቸው፣ የጨፈኑትን ዓይን ሳይገልጡ።

አንዲት ባለመነጽር ሴት ተቆጣች። «እዚህ አልነበረችም።»

«እዚህማ አልነበርኩም» አሉ ወይዘሮ አገኘሽ። «እዚያ ነበርኩ።»

ነርሷም አስገባቻቸው። አለበል ሊስቅ ሲል መንትያው ሰርቨር ትዝ አለው። የእሱ መንትያ ነርስ የለውም። ነርሷን ያባረራት ራሱ ነው። አንዱ ሰርቨር ቢወድቅ በሩ ለቀደመ ሁሉ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ሻሺ ይገባል፣ ወይዘሮ አገኘሽም ገና እንደያዙ ነው የሚያስቡት፤ ሁለት ሰው አንድ ሰሌዳ ላይ፣ አንዱ በሌላው ጽሑፍ ላይ ይጽፋል። የፈረቃው ሠራተኛ ሙላው ሚኒባስ እየጠበቀ ጠዋት ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ተገትሮ ይቀራል፤ ሚኒባሱ ደግሞ ባዶውን የሆነ ሰፈር ይዞራል። አለበል ዓይኑን ሳያስመረምር ተመልሶ ሄዶ ቆይታውን እንደነበረ አደረገው። ለሞርም «ትንሽ ዝም ይላል፤ ዝምታው ያስፈልጋል» አላት። ሞር «እናያለን» አለች። በሥራ አስኪያጅ አፍ «እናያለን» ማለት ደግ ቃል አይደለም።

ሰው ሲፈራ ከሚያስፈልገው በላይ ይጠነቀቃል። አለበል ለመላው ሠራተኛ ማስታወቂያ ላከ፤ ሐሙስ ከሙከራው በፊት ሁሉም ሰው ፋይሉን ይዝጋ። ሁሉም እሺ አለ። ወደ ክብርት ባለርስት ግን በእግሩ ተመላለሰ።

«እትዬ፣ ሐሙስ ለትንሽ ጊዜ ብቻ።»

«ገና አልጨረስኩም።»

«ሐሙስ ነው የምልዎት፤ ዛሬ አይደለም።»

«ሐሙስም አልጨርስም። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።»

በማግስቱ ሄደ፤ ስለ ቀዝቃዛው ክፍል፣ ስለ መንትያዎቹ፣ ስለ አደጋው አስረዳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት፤ ሲጨርስ «ያሳዝናል» አሉና ጽሑፋቸውን ቀጠሉ። ስለ ክቪዑቱ አልነገራቸውም። አንገቱን ደፍቶ የሚለምን ልጅ አልነበረም።

ሐሙስ ደረሰ። አለበል ምድር ቤት ወርዶ ስክሪኑን አየ። ስሞቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ከዚያ የመጨረሻዋም ስም ጠፋች። ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ እንደገና አየ። ወይዘሮ አገኘሽ የሉም። ሰማዩ ባዶ ነው። ደስ ሊለው ሲገባ፣ ሁልጊዜ ውሻ የሚጮኽበት ግቢ ድንገት ዝም ሲል እንደሚሰማው ያለ ነገር ተሰማው።

ሞር እጆቿን አጣምራ ገባች። «ፋይል የያዘ ሰው አለ?»

«አንድም» አለ አለበል፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ሁሉም ዘግተዋል።»

ሞር ትንሽ አሰበች። «ታዲያ የምንፈትነው ምኑን ነው?»

«እንዴት?»

«ማንም ምንም ካልያዘ ምን ይጠፋል? እንዲህማ የቡና ማሽኑንም አጥፍተን ማብራት እንችላለን። ሥራ ላይ ያለ ሰው አምጣልኝ። እየጻፈ ያለ። አለዚያ የምፈርመው ነገር የለም።»

አለበል ደረጃውን ወጣ። ወይዘሮ አገኘሽ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ በሁለት መጋዘኖች መካከል ጭላንጭል የምትለውን ባሕር ያያሉ። ስክሪናቸው ባዶ ነው።

«እትዬ፣ ዘጉት?»

«ዘጋሁት።»

«አልጨረስኩም ሲሉ አልነበር?»

«አልጨረስኩም። እናትህን አውቶቡስ ጣቢያ አገኘኋት። ‹የልጄ ክቪዑት በዚህ ሐሙስ ነው› አለችኝ። ምነው አንተ አፍ የለህም? እኔ የሰው ልጅ እንጀራ ላይ እቀመጣለሁ?»

አለበል በማያምር ድምፅ፣ «እትዬ፣ እባክዎ ይክፈቱት» አለ።

ወይዘሮ አገኘሽ ፊታቸውን ከባሕሩ መለሱ። «ምን አልክ?»

«ይክፈቱት። ይያዙት። እንደ ወትሮው ይጻፉበት።»

«አንተ ልጅ፣ ደኅና ነህ? ይልቀቁ ይልቀቁ ስትል ደረጃውን ጨርሰኸው የለም እንዴ?»

«ተሳስቼ ነው። የሚይዝ ሰው ከሌለ ፈተናው ፈተና አይደለም አለች።»

«ነገር እንዲህ ነው?» ወይዘሮ አገኘሽ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ፣ ሹራባቸውን አስተካከሉ። «ኋላ ደግሞ ይነሡ ብትለኝ አልሰማህም።»

«አይስሙኝ።»

«እሺ። የሙላውን ፈረቃ ላዛውረው ነበር። ሂድ፣ ሥራ አታስፈታኝ።»

አለበል ወረደ። ስማቸው ባዶው ሰማይ ላይ ብቻዋን በርታለች። የመጀመሪያውን ሰርቨር የኃይል ገመድ ያዘ፣ ሞርን አየ፣ ነቀለው።

ክፍሉ እስትንፋሱን ዋጠ። የማያቋርጠው ጉርምርምታ በግማሽ ቀነሰ፤ የቀረው ድምፅ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ላይ ቤት ስክሪኖች ሁሉ ፈዘዙ፤ ሰዉ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ ቀና አለ፤ ለወራት ወደ ውጭ አይተው የማያውቁ ሰዎች በመስኮቱ ባሕሩን አዩ ይባላል። ሻሺ ግን ባሕር አላየም። ፋይሉ ጠዋት ነጻ መሆኑን ሰምቶ ነበርና፣ ወደ ውስጥ ለመግባት ደጋግሞ ይጫናል፤ ይጫናል፤ መልስ የለም። መንትያው ነቅቷል፣ ግን በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ይዛችሁ የነበራችሁ ተናገሩ ይላል። ፋብሪካው ውስጥ ካሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ አንዱ ብቻ፣ ባለቤቱ ምንም ሳያውቁ፣ ነበርኩ ብሎ መለሰ። ሞር ሰዓቷን ታያለች። አለበል ስክሪኑን ያያል። ደቂቃዋ እንደ ጎማ ተለጠጠች፣ ተለጠጠች፤ በሷ ውስጥ አለበል እናቱን ጮክ ብላ ስትናገር ሰማት፣ ደግሞም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰማት።

ከዚያ የወይዘሮ አገኘሽ ስም በራች። ያው ፋይል፣ ያው ሰው። በሩም ለሁሉም ተከፈተ።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። የሻሺ ድምፅ ሞር ድረስ ይሰማል።

«አለበል፣ ‹በአገኘሽ ተይዟል› ይለኛል። ሰርቨሩን ገድለኸው እንኳ ሴትዮዋ አትለቅም?»

ሞር ሳቀች። ስትስቅ ያያት ሰው ስለሌለ ይህን የሚያምነኝ ጥቂት ነው። ሁለቱም ወደ ላይ ወጡ። ወይዘሮ አገኘሽ እየጻፉ ነበር። የሙላው ስም ከነፈረቃው በቦታው አለ፤ ከእሱ በታች ጀምረውት የነበረው ቃልም፣ ግማሹ ሳይጎድል፣ ቀጥሏል።

«ምን ሆነ?» አሉ። «ኮምፒዩተሩ አንዴ ትንሽ ደክሞት ነበር፤ ይረፍ ብዬ ጠበቅሁት።»

«ምንም አልሆነም እትዬ።»

«ታዲያ ምን አቆማችሁ?»

ሞር አለበልን ትከሻውን መታ አደረገችው። «እሑድ እፈርማለሁ» አለችና ሄደች። እሷ ከኮሪደሩ ሳትጠፋ ወይዘሮ አገኘሽ ወደ ሰሌዳው ጫፍ፣ ቋሚ ሠራተኞች ወደተጻፉበት ዓምድ ሄዱ። ከሙላው ስም ሥር በሁለት ጣታቸው ጻፉ። አለበል።

«እትዬ፣ ገና አልተፈረመም እኮ። እሑድ ነው ያለችው። እስከዚያ ሻሺ ቢገባ፣ ‹ይሄ ማነው የጨመረው› ብሎ ይሰርዘዋል።»

«በየት በኩል ይገባል?»

«ሲዘጉት ነዋ።»

«እስኪፈረም ድረስ ማን ይዘጋልሃል?»

ወይዘሮ አገኘሽ ያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሹራባቸውን ወንበሩ ላይ ተዉት፤ ኮምፒዩተሩንም እንዳትነካ ለጽዳት ሠራተኛዋ አደራ ሰጡ። ሻሺ ደወለ፤ ደግሞ ደወለ፤ ሦስተኛውን አለበል አላነሣም።

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል፣ ፋብሪካው ባዶውን ቀረ። አለበል ከመውጣቱ በፊት ምድር ቤት ስክሪኑን አየ። የሰው ሁሉ ስም ጠፍቷል፤ አንዲቷ ብቻ በርታለች። በአንድ ጠቅታ ማስለቀቅ ይችላል፤ እንደ ደንቡ ቢሆን ሰንበትን ተይዞ የሚያድር ፋይል ማስለቀቅ ሥራው ነበር። እጁን ኪሱ ከተተ። መብራቱን አጠፋ፣ ሰማያዊዎቹን ብልጭታዎች በጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆሞ አያቸው፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና ወደ እናቱ ቤት ሄደ።